ቀዩ ሳፋና ደረቁ ክፍል

ለሌላው የምናወጣው ደንብ ክብደቱ የሚታወቀው በራሳችን ትከሻ ላይ ሲያርፍ ነው። በቤተ ሙከራው ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለው የመሣሪያ ባለሙያ ይህን የተረዳው ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ሲቀረው ነበር፤ ያስተማረውም ከሚስቱ የተዋሰው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው።

ባልደረቦቹ «ደንቡ» የሚል ቅጽል ያወጡለት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጓንት ሳያጠልቅ ናሙና የነካ ወይም ጫማውን ሳይሸፍን ደፍ የተሻገረ ሰው ከምላሱ አያመልጥም። በመዝገብ ያልሰፈረ ሥራ ለእርሱ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በደረቁ ክፍል በር ላይ «ውሃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ጽፎ የለጠፈውም እርሱ ነው፤ «ክልክል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ደረቁ ክፍል እርጥበት መጣጭ ማሽን ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርምበት ጠባብ ክፍል ነው። ወጣቷ ተመራማሪ በዚያ ሆና የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ስስ ሽፋን በትንንሽ መስታወቶች ላይ ትቀባለች፤ ደንቡ ደግሞ መስታወቶቹን በትንሿ ምድጃ ያበስላል። ለሦስት ዓመት ያህል ሽፋኑ እየደበዘዘና እንደ ወንፊት እየተበሳሳ ሲያስቸግራት ኖረ። ታዲያ በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለቱም መስታወቶች ጠቁረውና ጠርተው፣ ፀጉር እያዩ የሚያበጥሩባቸው እስኪመስሉ ድረስ አብረቅርቀው ወጡ። ተመራማሪዋ በደስታ አለቀሰች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ወሬውን ለሌሎች ቤተ ሙከራዎች አደረሰች፤ ውጤቱን በዓይናቸው የሚያዩ ገምጋሚዎችም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ሊመጡ ቀጠሮ ያዙ።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድም መስታወት አላበራም። አሥራ አራት ጊዜ ተሞከረ፤ አሥራ አራት ጊዜ ደበዘዘ። እስከ ረቡዕ ውጤቱ ካልተደገመ ተመራማሪዋ ያለችውን ሁሉ በደብዳቤ እንድትሽር ከኃላፊዋ ጋር ተስማማች፤ ደብዳቤውም ተረቅቆ መሳቢያዋ ውስጥ ተቀመጠ። ልጅቱ ከሳች። ያን ቀን ምን የተለየ ነገር እንደነበረ ደንቡን ደጋግማ ጠየቀችው። እርሱም መዝገቡን ገልጦ የሙቀቱን ልክ፣ ሰዓቱንና በጠዋት የተለካውን እርጥበት አነበበላትና ሁሉም እንደ ሥርዓቱ መሆኑን አረጋገጠላት። አልዋሸም፤ ረስቶ ነው። ሰው የገዛ ጥፋቱን ለመርሳት ያለው ጥበብ ግን ከየትኛውም መሣሪያ ይረቅቃል።

ሰኞ ማታ እራት ላይ የልጅቱን ነገር ለሚስቱ እያዘነ ሲያወራላት እርሷ ስለ ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«እሱስ ይሁን፤ ቀዩን ሳፋዬን የት አደረስከው? ለእግሬ ብለህ ከወሰድከው ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው።»

የደንቡ ማንኪያ አፉ ሳይደርስ ቀረ። በዚያ ማክሰኞ ዋዜማ ከደረጃ ላይ አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ነበር፤ ሐኪሙም እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዲዘፈዝፍ አዘዘው። የቤተ ሙከራው ደንብ ደግሞ የጋለ ምድጃ ያለ ጠባቂ አይተውም ይላል። ስለዚህ አንዱን ደንብ ለመጠበቅ ሲል ሌላውን ጣሰ፦ ተመራማሪዋ ለምሳ ወጥታ ሳለ ውሃ አፍልቶ ሳፋውን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠና ሱሪውን ሰብስቦ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። እንፋሎቱ ደረቁን ክፍል እንዳራሰው አሁን ገባው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ስለዚህ የሰፈረ አንድ ቃል የለም።

ነገሩን ሲተርክላት ሚስቱ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች፤ ከዚያ ነገ ጠዋት ለልጅቱ እንዲነግራት መከረችው። እርሱ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን ሲገሥጽ ኖሮ አሁን የጎረምሳ መሳቂያ መሆን እንደማይችል አስረዳት። ሚስቱ ሳህኑን አነሳች።

«ያኔ ያበጠው እግርህ ነበር» አለችው። «አሁን ያበጠው ሌላ ነው።»

ማክሰኞ ደንቡ እውነትን ከመናገር ይልቅ ብልሃትን መረጠ። ሳፋውን ፍል ውሃ ሞልቶ ከምድጃው ኋላ ሸሸገውና የሥራ ካፖርቱን ከፊቱ ጋረደ። ልጅቱ ውጤቷን ታገኛለች፤ እርሱም ክብሩን አያጣም፤ ማን ይጎዳል ብሎ አሰበ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አሥራ ሁለቱ መስታወቶች እንደዚያ ቀን ጠቁረው አብረቀረቁ። ተመራማሪዋ አቀፈችው፤ ብዕርም አነሳች። በእርሱ መዝገብ ላይ፣ ራሱ ባስተማራት ጥንቁቅ አጻጻፍ፣ «ከቀድሞው ሙከራ የተለወጠ ነገር የለም» ብላ ጻፈች።

ደንቡ ዓረፍተ ነገሩን አየው። ነገ ሌላ ቤተ ሙከራ ይህን አምኖ በደረቅ ክፍል ውስጥ ይደክማል፤ ልጅቱም ሳትዋሽ ውሸታም ትባላለች። የተጎዳ ሰው የለም ያለው ለካ የሚጎዳው ሰው ፊቱ ቆሞ ነው።

«ሰርዢው ልጄ» አላት። «እውነት አይደለም።» ጎንበስ ብሎም ሳፋውን ጎተተና አወጣው።

ተመራማሪዋ እንፋሎቱን አየች፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አየች፤ እርሱን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳፋ ነው።»

«ያን ቀንም ነበረ?»

«ያን ቀንማ እግሬም ነበረበት።»

መጀመሪያ ተቆጣች፤ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣችው በእርሱ ሳፋ ምክንያት መሆኑን ሳትደብቅ ነገረችው፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ ስትነሣ ግን ፊቷ የተመራማሪ ፊት ሆነ። ለሽፋኑ የጠቀመው ውሃው ይሁን እግሩ ገና አልታወቀም አለች። ደንቡ ያላገጠችበት መሰለው። አላላገጠችም፤ መዝገቡ ላይ ሦስት ረድፍ አሠመረች፦ ያለ ውሃ፣ በውሃ ብቻ፣ በውሃና በእግር።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ተሞከረ። ኃላፊዋ ስትገባ ደንቡ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አንድ እግሩን በሳፋ ነክሮ፣ በታላቅ ቁም ነገር ሰዓት ሲቆጥር አገኘችው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍበት እርሱ ራሱ ጠየቀ፤ እርሷም ራሱ እንዲጽፈው አዘዘችው። ጽፎ ሲያመጣ ቃሉ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ኃላፊዋ ግማሹን ሰረዘችለት።

ያለ ውሃ የበሰሉት ደበዘዙ፤ የሌሎቹ ሁለት ረድፎች መስታወቶች በሙሉ አበሩ። ሐሙስ ገምጋሚዎቹ ከሳፋው እንፋሎት ሲነሣ አይተው፣ መስታወቶቹን መርምረውና ፊርማቸውን አኑረው ሄዱ። ተመራማሪዋ የመሳቢያውን ደብዳቤ ቀደደችው። በመዝገቡ ግርጌም «የእግር ተጽዕኖ፦ የለም» ብላ አሰፈረች። ደንቡ ይህን ሲያነብ ጥቂት ቅር አለው፤ ግን እውነት ስለሆነ ፈረመበት።

ማታ ሚስቱ ሳፋዋን ጠየቀችው። ሳፋው ቁጥር ተሰጥቶት በመሣሪያነት ስለተመዘገበ ያለ ኃላፊዋ ፊርማ ከግቢ ሊወጣ እንደማይችል ደንቡ አብራራላት።

«ማነው እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣው?»

«እኔ» አላት።

ሚስቱ የቆሸሸውን ልብስ ሁሉ በአንሶላ ጠቅልላ ከፊቱ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ነገ ስትሄድ ይዘኸው ሂድ» አለች። «እሱንም መዝግበው።»