ለአይጥ የተሰቀለ ጤና አዳም

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ፣ በወይዘሮ በለጥሽ ግቢ በኪራይም ሆነ ያለ ኪራይ የምትኖሩ አይጦች በሙሉ፦ ከዛሬ ቅዳሜ ረፋድ ጀምሮ የአቶ ይፍሩን ክፍል ለቃችሁ እንድትወጡ ታዛችኋል። ይህን በማይፈጽም አይጥ ላይ መዓዛዊ እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።

አዋጁን ያወጣው ራሱ ይፍሩ ነው፤ ያወጣውም ለብቻው፣ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ጤና አዳም በሲባጎ እያሰረ። ይፍሩ የግብርና ባለሙያ ነው። በዚያው ሰሞን ላንቴ ወርዶ፣ ተባይን በመርዝ ሳይሆን በተፈጥሮ ሽታ ስለ መከላከል ሙዝ አምራቾችን አሠልጥኖ ተመልሷል። ገበሬዎቹ በጨዋ ደንብ አዳመጡት፣ ምሳቸውን በሉ፣ አጨበጨቡ። ከአዳራሹ ትምህርቱን አምኖ የወጣው ግን ይፍሩ ብቻ ነበር።

መርዝ እንዳያደርግ ግቢው የዶሮ ግቢ ነው። የእትዬ በለጥሽ ዶሮዎች የሞተ አይጥ አይተው በክብር የሚያልፉ አይደሉም። ይፍሩ ደግሞ በዚያ ወር በዶሮ ምክንያት ከእትዬ በለጥሽ ጋር የሚጣላበት አቅም አልነበረውም። ልጃቸውን ቲጂን ሊያገባ ጋሽ ገብረ ማርያምን ሽማግሌ ልኳል፤ መልሱም ለማግስቱ እሑድ ተቀጥሯል።

አይጦቹ የሚመጡት ከሙዝ ቤቱ ነው። እትዬ በለጥሽ ከላንቴ ጥሬ ሙዝ ያስመጡና ከይፍሩ ክፍል ጋር ግድግዳ በሚጋራው መጋዘን ዘግተው፣ አብስለው ይሸጣሉ። ቲጂን አሳድገው ያስተማሯት በዚሁ ሙዝ ነው። ሙዙ ሲበስል ሽታው ግድግዳ አይገድበውም፤ ሽታው የሚሄድበትን መንገድ ደግሞ አይጥ አይስተውም። ይፍሩ ጤና አዳሙን ከነጭ ሽንኩርት ጋር እያሰረ ከፊሉን ከበሩ መቃን ላይ፣ ከፊሉን ግቢው በሚታጠፍበት በኩል ከሙዝ ቤቱ በር ትይዩ ባለው መስኮቱ ላይ ሰቀለ። ራቅ ብሎ አየው። ወደደው።

ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አብረው በር ላይ ሲሰቀሉ በእኛ አገር የሚባረረው አይጥ እንዳልሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ቡዳ ነው። ይፍሩም ያውቃል፤ በልጅነቱ እናቱ በአንገቱ ያሰሩለት ይህንኑ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእጽዋቱን ሳይንሳዊ ስም ሲሸመድድ ይሆናል ዋናውን ሥራ የረሳው።

እትዬ በለጥሽ ከገበያ ሲመለሱ አዩት። ቆሙ። መስኮቱን አዩ፣ ዞር ብለው የሙዝ ቤታቸውን በር አዩ፣ ትይዩነቱን በዓይናቸው ለኩ። ከዚያ ዶሮዎቻቸውን ሰብስበው ገቡ።

እሑድ ጋሽ ገብረ ማርያም በሄዱበት እግራቸው ተመለሱ።

«ገና ‹ልጅዎን ለልጃችን› ብዬ አፌን ስከፍት» አሉ፣ «‹ቡዳ ለሚለኝ ሰው ልጅ የለኝም› አሉኝ። ምን አድርገሃቸው ነው አንተ?»

ይፍሩ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑ መስኮቱ ላይ አረፈና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

በነጠላ ጫማው ሮጦ ወደ ሙዝ ቤቱ ሄደ። ለእርስዎ አይደለም እትዬ፣ ለአይጥ ነው፣ አይጡ ከግድግዳው ማዶ እየመጣብኝ ነው እያለ ባለ በሌለ ድምፁ አስረዳ። ሙዝ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር። የመረጡትን ሙዝ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ቀስ ብለው መለሱትና ሄዱ። እትዬ በለጥሽ እስኪርቁ ጠበቁ።

«አይጥ» አሉ። «ቡዳነቱ ይሻለኝ ነበር።»

ጤና አዳሙን ወዲያው አወረደው፤ እሱም ሌላ ጣጣ አመጣ። የተማረ ሰው ያለ ነገር አይሰቅልም ብለው ጎረቤቶቹ በየበራቸው ሰቅለው ነበርና፣ ሲያወርድ ደግሞ በለጥሽ አስፈራርታው ነው አሉ። እናቶች በሙዝ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ቡዳ ያለውም አይጥ ያለውም ሙዝ መግዛቱን ተወ፤ ሙዙ በመጋዘኑ ውስጥ እየጠቆረ ሄደ። አይጦቹ ብቻ ደስ አላቸው። ይፍሩ አውርዶ አልጋው ሥር የጣለውን ጤና አዳም አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ቢያየው፣ አንዷ አይጥ በታትና አንጥፋው፣ ወልዳበታለች።

ቲጂ ቧንቧው ጋ አገኘችው። ጀሪካኗን ሳታስቀምጥ ነው ያናገረችው።

«አይጥ ነው ስትል ሙዛችን ይሞታል፤ አይጥ አይደለም ስትል እናቴ ትሞታለች። ሦስተኛ ነገር ካለህ አምጣ።»

ይፍሩ አሰበ። የግብርና ባለሙያነቱ እዚያ ድረስ አልወሰደውም።

በመጨረሻ ጋሽ ገብረ ማርያም ዕርቅ ጠሩ። የጨንቻ ሰው ናቸው፤ በእነሱ ደንብ በደል ተደብቆ ከቆየ ጎሜ ይሆናል፣ መቅሠፍቱም ለቤት ይተርፋል። ስለዚህ ያጠፋ ሰው በሰው ፊት ተናዝዞ፣ ተበዳይ ይቅር ብሎ፣ እርጥብ ሳር ይዞ ይታረቃል። ካልተናዘዘ ዕርቅ የለም፤ ዕርቅ ከሌለ የቲጂ ነገር አይነሳም። ከመቀመጣቸው በፊት ይፍሩን ወደ ጥግ ጎትተው መከሩት። ጠርጥሬያቸው ነበር በል፤ አንዲት ቃል ናት፣ ይቅር ይሉሃል፣ ሳሩ በእጃችን እያለ ልጅቷን እንጠይቅልሃለን አሉት።

ሰፈሩ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተሰበሰበ። በየበራቸው ጤና አዳም የሰቀሉት በአንድ ወገን ተቀምጠው ‹ጠርጥሬ› የሚለውን ቃል ይጠብቃሉ። ሙዝ ገዢዎቹ በወዲያኛው ወገን ሆነው ‹አይጥ›ን ይጠብቃሉ። እትዬ በለጥሽ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አውርደው፣ የሙዝ ወተት ያጠቆራቸውን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ቲጂ ከኋላቸው ቆማለች። ይፍሩ እጆቻቸውን አየ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ማየት አልቻለም።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም ሳሩን ከፍ አድርገው፣ «ጤና አዳሙን ለምን ሰቀልከው?»

«ሰቀልኩት።»

«እሱንማ አየን። ለምን?»

«ሰቀልኩት አልኩ እኮ ጋሼ።»

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ በዓይናቸው ጠቀሱት። ሳሩ በእጃቸው ላይ መጠውለግ ጀምሯል።

«የምታጣውን እያየህ ነው? ምክንያቱን ለሰዉ አስረዳ።»

«አላስረዳም» አለ ይፍሩ።