ሆላንዴውና ባለእሾሁ ዓሣ

ልጆቼ፣ ውሃው ይመጣል ወይ ስትሉኝ ዝም የምለው የገዛ ቃሌን ፈርቼ ነው እንጂ ንቄያችሁ አይደለም።

በኪናባታንጋን ወንዝ ዳር ያደግን ሁሉ ጎርፍ መምጣቱን የምናውቀው ከአፍንጫሙ ጦጣ ነው። በሹፈት «ሆላንዴው» እንለዋለን፤ ድሮ እንደመጡት የሆላንድ ነጮች ፊቱ ቀይ፣ አፍንጫው የተንጠለጠለ፣ ከርሳም ነዋ። ማታ ማታ ወንዙ ዳር ካለው ዛፍ ላይ ያድራል። ዝቅ ብሎ ከተኛ ሰላም ነው፤ ጫፍ ላይ ከወጣ ዕቃህን ሸክፍ። አባቴ እንዲህ አስተማረኝ፣ እኔም ታናናሾቼን።

እህቴ አስኒያ ግን መረብ ጣይ ናትና የምታምነው ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ ያለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ነበር። እሱ ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ዳርቻው ሣር ከተጠጋ ወንዙ ሊሞላ ነው ትላለች። አንዱ ከላይ ሆኖ አገር ያያል፣ ሌላው ሆዱን ጭቃ ላይ ለጥፎ ምን ያውቃል እያልኩ እስቅባት ነበር። እሷም ሆላንዴህ መጀመሪያ ከአፍንጫው ወዲያ ይይ ትለኛለች።

በዚያ ዓመት ታናሻችን ላምሪ እግሩ ሰልሎ ወንዙ ዳር በምሰሶ ላይ በቆመው ታችኛው ቤት ተኝቶ ነበር። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። አመሻሽ ላይ አስኒያ መጣች፤ ከላምሪ ቤት ምሰሶ ሥር ሁለት ባለእሾህ ዓሣ አይታለች፣ ተሸክመን ወደ ጉብታው እናውጣው አለች። ማዶ አየሁ። ሆላንዴዎቹ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብለው ተኮራምተዋል።

«ተይው፣ በዝናብ አናንገላታው» አልኳት። «ሲነጋ እናያለን።»

በወንዙ ዳር ለዘይት ዘንባባ የሚተክሉት የእርሻ ሰዎች ረጃጅሞቹን ዛፎች በዚያው በጋ ቆርጠው ጨርሰው ነበር። ሲወድቁ ሰምቻለሁ፤ ጉቶውን በየቀኑ አያለሁ። ሆላንዴው ዝቅ ብሎ ያደረው የሚወጣበት አጥቶ እንደሆነ ግን አልታየኝም።

ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ስንነሳ ከታችኛው ቤት የቀሩት ሁለት ምሰሶዎች ነበሩ። ላምሪን በአራተኛው ቀን ከዘንባባው ረድፍ መሃል አገኘነው።

ከቀብር ተመልሰን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ስድብ ነበር የጠበቅኩት። አልመጣም።

«ዓሣውን በዓይንሽ አይተሻል» አልኳት። «ለምን እኔን ትተሽ አላወጣሽውም?»

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ተይው አልከኝ» አለች። «ታላቅ ተይው ካለ ምን ይደረጋል?»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ቁጣ ቢኖርባት ኖሮ እንኳ ይቅርታ የምለምንበት በር አገኝ ነበር።