ጉንጭ ላይ የበራው

የሆስፒታሉ ንጽሕና ተቆጣጣሪ የሕፃናቱን ክፍል መጋረጃ አንድ በአንድ ዘጋችና የእጅ መብራቷን አበራች። ሐምራዊ ብርሃን ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጠዋት፣ ከሐኪሙ ጉብኝት በፊት፣ ትውከትና ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን አልጋ ብረት ላይ በዓይን የማይታይ ቅባት ቀብታ ነበር። ቅባቱ ጉዳት የለውም፤ በዚህ መብራት ሥር ግን አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ብረቱን ነክቶ እጁን ያልታጠበ ሰው በደረሰበት ሁሉ ዱካውን ይተዋል። ሕፃናቱን የሚያሳምመው ቫይረስም የሚጓዘው በዚያው መንገድ ነው።

የጠረጠረችው ጽዳት ሠራተኛዋን ነበር። በሽታው ከአልጋ አልጋ እየዘለለ ሕፃናቱን ሲለቅም፣ ሴትየዋ ተቆጣጣሪዋን ባየች ቁጥር ባልዲዋን አንስታ ውልቅ ትላለች። ሥራ አስኪያጁማ ቆርጦ ጨርሷል። «ማስረጃውን ብቻ አምጪልኝ፤ ዛሬውኑ ትሰናበታለች» ብሏታል።

መወልወያው እጀታ ላይ አበራች፤ ምንም የለም። ባልዲው ላይ፣ ጓንቱ ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይም የለም።

«እኔን ነው አይደል የምትፈልጊው እህቴ?» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ ግድግዳውን ተደግፋ። «ፈልጊ። የልጆቼን ጉሮሮ ልትዘጊ መሆኑን ግን እወቂው።»

ኀፍረት የተቆጣጣሪዋን ፊት አጋለው። ፈጥና ለመውጣት ዞር ስትል ብርሃኑ አንዲት የተኛች ሕፃን ፊት ላይ አረፈ። ጉንጯ ላይ የአውራ ጣት ዱካ ቦግ ብሏል። ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች፤ እዚያም ጉንጭ ላይ። ከዚያ ቀጥሎም።

በዚህ ክፍል ጉንጭ የሚቆነጥጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሕፃናቱ አባባ ዶክተር የሚሉት፣ እሷንም አስተምሮ ለዚህ ሥራ ያጫት ሽማግሌ። ብረቱን ደገፍ፣ ጎንበስ፣ ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጎ ያስቅና ወደሌላው ያልፋል። ጉብኝት ሲጀምርና ሲጨርስ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። በመሀል ግን አይታጠብም፤ «ጉንጭ መንካት ምርመራ አይደለም» ይላል።

በሩ ተከፈተ። ጉብኝቱን አቋርጦ አዲስ በሽተኛ ሊቀበል የወጣው ሽማግሌ፣ ጨቅላ ያቀፈች እናት አስከትሎ ገባ።

«ምነው ልጄ፣ በጠራራ ፀሐይ አጨለምሽብን?» ብሎ ሳቀና እጁን ወደ ጨቅላው ጉንጭ ሰደደ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ጽዳት ሠራተኛዋ እንደተጠረጠረች ትሰናበታለች፣ የሽማግሌው ስም እንደተከበረ ይኖራል፣ ይህም ሕፃን እንደሌሎቹ ይታመማል።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደኋላ አፈገፈገች። ሽማግሌው መብራቱን አየ፤ ብርሃኑን ወደ አልጋዎቹ ስታዞረው የሚያበሩትን ጉንጮች አየ። የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

«አጥፊው» አለ በለሆሳስ፣ እጁን ቀስ ብሎ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ እየከተተ።

አላጠፋችውም።