የፀሐዮች ልጅ

ሰኞ ጠዋት በሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ሰባት ዓምዶች ነበሩት። በየዓምዱ አናት የአንድ ጎሳ ሥዕል አለ፤ ድብ፣ በቆሎ፣ ፀሐይ፣ ጥንቸል፣ ሸረሪት፣ ቀስት፣ እባብ። ከሥዕሎቹ ሥር የልጆቹ ስም በካርድ ተጣብቋል። በክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች አሉ፤ የተጣበቁት ካርዶች ግን አሥራ ስምንት ናቸው። የቀረው ካርድ በመምህርት ሎርና ጠረጴዛ ላይ፣ ከሙጫው አጠገብ ተቀምጧል። “ዴሚየን” ይላል።

ዴሚየን በነሐሴ ከፊኒክስ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። አባቱ ዴልበርት የዚሁ አምባ ተወላጅ ነው፤ የእናቱን የበቆሎ ማሳ የሚዘራ ሰው ስለጠፋ ተመለሰ። የዴሚየን እናት ማሪሶል ከድንበር ማዶ ካሉት የሶኖራ ሰዎች የተወለደች ነርስ ናት፤ ከአምባው ሥር ባለው ክሊኒክ ትሠራለች። እኛ የአምባው ሰዎች ዘንድ ደግሞ ጎሳ የሚወረሰው ከእናት ነው።

አርብ ቤተሰብ ትምህርት ቤት ይመጣል። እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ ሁለት ነገር ይናገራል፤ በእናቱ ምን እንደሆነና በአባቱ የማን ልጅ እንደሆነ። ሰኞ ልምምዱ ተጀመረ።

“ፀሐይ ነኝ፤ የጥንቸሎች ልጅ ነኝ” አለች ኬንድራ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ።

ቀጥሎ ያለው ዴሚየን ነበር። ተነሣ፤ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

“ቲቸር፣ እሱ እኮ የለውም” አለች ኬንድራ። በክፋት አልነበረም፤ የጎደለ ነገር ካየች ሳትናገር ማለፍ አይሆንላትም። “ከእናት ነው የሚመጣው። እሱ ደግሞ የእናት የለውም።”

“እናት አለችኝ!”

“ጎሳ ማለቴ ነው፣ አንተ ደግሞ።”

ክፍሉ ሳቀ። ዴሚየን ተቀመጠ። ሊወጡ ሲሉ ወደ ሎርና ጠረጴዛ ቀረበ።

“ቲቸር፣ አርብ ብታመምስ?”

“ምንህን ነው የሚያምህ?”

“ገና አልወሰንኩም።”

ሎርና ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ስታስተምረው ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቢሆንም ልጁ ካርዱን በዓይኑ እየፈለገ ሲወጣ ማየት አልቻለችም። ረቡዕ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ካርዱን አንሥታ በአባቱ ጎሳ፣ በፀሐይ ሥር አጣበቀችው። ለአንድ ቀን ነው፣ ማንን ይጎዳል? አለች በሆዷ።

ሐሙስ ዴሚየን ስሙን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበው። ምሳውን ጨርሶ በላ። በልምምዱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ “ፀሐይ ነኝ” አለ። የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገርበት ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ የአባቱን ጎሳ ለመጀመሪያው ተጠቅሞበታል።

“እስከዚህ ያለው ይበቃል” አለች ሎርና ፈጥና።

ኬንድራ ፊቷን አጨማደደች። “ወንድሜ ሆነ ማለት ነው? ቤት ሦስት አሉኝ፣ ይበቁኛል!”

አርብ ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው የዴልበርት ታላቅ እህት አርሊን ናት። በበግ ሥጋ የተቀቀለ የበቆሎ ንፍሮ በትልቅ ድስት ይዛ መጣች። ድስቱን አስቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ወረቀቱን ከግራ ወደ ቀኝ አነበበች። ፀሐይ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“ማነው ልጃችንን የሰረቀን?”

ሎርና ወደ እሷ ተጠጋች። “እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ሰው ፊት ባዶውን እንዳይቆም ብዬ ነው፣ አይቆጡኝ።”

“አዝነሽለት ነው፤ ገብቶኛል። ግን እስቲ አስቢው። እሱ ፀሐይ ከሆነ እኔ ምኑ ነኝ?”

“እህቱ” አለች ሎርና ቀስ ብላ።

“እህቱ! በዚህ ዕድሜዬ! ታዲያ የአባቱ ጎሳ አክስቶች የሚሠሩትን ማን ይሠራል? ጭንቅላቱን ማን ያጥበዋል? የእኛን ስም ማን ያወጣለታል? ሲያገባስ እንደ ልማዱ እናቱ ላይ ማን ጭቃ ይወረውራል?”

“እኔ ላይ?” አለች ማሪሶል ከበሩ።

“አንቺ ላይ ነዋ! ልጃችንን ለሌላ ሴት አሳልፈሽ ስትሰጪ ዝም ልንልሽ ነው?” አርሊን ወደ ሎርና ዞረች። “አየሽ? በአንዲት ካርድ አክስቶቹን ሁሉ አሳጣሽው።”

ማሪሶል ገባች። “ስም እኮ ሲወለድ ጠብቄ ነበር። የጠራን የለም።”

“እኔስ? እስክታመጡት ስምንት ዓመት ውኃ ጥጄ ጠበቅሁ። ዴልበርት!”

ከማሪሶል ኋላ የገባው ዴልበርት ድስቱን ያይ ነበር። “እናንተ የተነጋገራችሁ መስሎኝ...”

“ወንድ!” አለች አርሊን፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ሎርና ካርዱን በጥፍሯ ፈልቅቃ አነሣችው። ዴሚየን ካርዱን ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ። አርሊን አየችው።

“አትፍራ። በእናትህ በኩል የእናትህን ሰዎች ትናገራለህ። በእኛ በኩል ያለውን እኛ እናሳይሃለን። ፀሐይ የሆናችሁ ሴቶች፣ ተነሡ!”

ከየማዕዘኑ ዘጠኝ ሴቶች ተነሡ። አንዷ ሕፃን አቅፋለች፣ አንዷ የድንኳን ያህል ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች። አርሊን ወደታች ተመለከተች።

“አንቺስ?”

“እኔ ሴት አይደለሁም” አለች ኬንድራ። “ሦስተኛ ክፍል ነኝ።”

“እናትሽ ምንድን ናት?”

“ፀሐይ።”

“እንግዲያው አክስቱ ነሽ። ተነሺ!”

ኬንድራ ተነሣች። ዴሚየን ከላይ እስከ ታች ተመለከታት።

“አክስቴ?”

“አዎ። የሚያሾፉት አክስቶች ናቸው፤ ከእንግዲህ በአንተ ላይ የማሾፍ መብት አለኝ።”

“ድሮስ ታሾፊብኝ የለ?”

“ያኔ ያለ መብት ነበር።”

ተራው ሲደርስ ዴሚየን እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ቆመ። “እናቴ የሶኖራ ሰዎች ልጅ ናት። እኔ የፀሐዮች ልጅ ነኝ።”

“ልጃችን!” አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ። ኬንድራ ትንሽ ዘግይታ ብቻዋን ደገመችው። ንፍሮው ሲቀርብ ዴሚየን ሦስት ጊዜ አስጨመረ፤ በየተራው ሳህኑን የሞላችለት ሌላ አክስት ነበረች።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በአርሊን ቤት ተሰበሰቡ። ሴቶቹ እንደ ሳሙና የሚያገለግለውን የዩካ ተክል ሥር በገንዳ ውኃ መትተው አረፋውን አስነሡ፤ ተራ በተራ የልጁን ፀጉር አጠቡ፣ ፊቱን በበቆሎ ዱቄት አሹ፣ ስም አወጡለት። ማሪሶል በሩ አጠገብ ፎጣ ይዛ ቆማለች፤ አርሊን ዓይኗን አይታ “ውኃው ለብ ያለ ነው፣ አይበርደውም” አለቻት። ስሞቹ ሁሉ ስለ ፀሐይ ነበሩ፤ ደመናን የሚያቀላ፣ አምባውን የሚነካ፣ በረዶ ላይ የሚያበራ። የመጨረሻዋ ኬንድራ ነበረች። እናቷ እጇን ይዛላት ፀጉሩን ነካች፤ ረጅም ጊዜ አሰበች።

“አርፍዶ የወጣ” አለች።

አርሊን ልትስቅ አፏን ከፍታ ተወችው። “ጥሩ ስም ነው” አለች።

ለዴሚየን አሥራ አንድ ስሞች ወጡለት። በሚቀጥለው እሑድ በሰው አፍ ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ የኬንድራ።