ሌባው

የሰፈራችን ሰው ሐይቁን «ሌባው» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። እኔ ገና ስድህ ተራራው በዝናብ ርሶ ተናደና ወንዙን ዘጋው፤ ውሃውም ወደ ኋላ እየተጠራቀመ እርሻውንና ቤታችንን ዋጠ። አባቴ ጎረቤት ሊያወጣ ተመልሶ ገባ፣ በዚያው ቀረ። አስከሬኑም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ «ሐይቅ» የሚል ቃል ከእናቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም። «ሌባው ዛሬ ሞልቷል» ትላለች፤ ሰፈሩም ለምዶ ተቀበላት። አንድ እንግዳ «ሌባው ጋ ወርደህ ታጠብ» ቢሉት ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ነው የወረደው።

እኔ ደግሞ ሥራ ያጣሁ ይመስል የሌባው ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጀልባ እነዳለሁ፣ ጫጩት ዓሣ የሚያጠምዱትን አባርራለሁ፣ ከብት የጨረሰውን ደንገል መልሼ እተክላለሁ። «ያባትሽን ገዳይ ትጠብቂያለሽ» ትለኛለች እናቴ። እኔም ምላሴ አያርፍም፤ ስንቴ ተኳርፈናል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። አንድ ኮንትራክተር ናዳው የሠራውን ግድብ ሰንጥቆ ውሃውን ሊያፈስና መሬቱን ሊገነባበት መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ያስቀመጠልን መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ሐይቁ ጥብቅ ስፍራ የሚሆነው፣ ከውሃው ሥር መሬት ያላቸው ቤተሰቦች ሁሉ «ይገባናል» ማለታቸውን ከተዉ ነው። ቤት ለቤት ዞሬ ሁሉንም አሳመንኩ። የቀረችው እናቴ ናት። እሷን መለመን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኮንትራክተሩ እናቴን እጇን ይዞ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ፕላን ለጥፏል። «እናታችን፣ ሌባው የወሰደብዎትን ልመልስልዎ ነው የመጣሁት» አለ፣ ቅጽል ስሙን ማወቁ እንዲታይለት ፈገግ ብሎ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ ፕላኑ ቀረበች። «ቤታችን የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ። መኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ጥሩ ቦታ ነው የደረሰዎት።»

«ከሥሩ ሰው አለ እኮ፣ ልጄ።»

«ለሱ አያስቡ። የተገኘውን ሁሉ ጠርገን እናወጣዋለን።»

እናቴ መነጽሯን አውልቃ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ሌባ ስለው ኖሬያለሁ» አለች። «ሌባ ግን የሰረቀውን ይሸጣል። እሱ የወሰደብኝን እስከ ዛሬ ማንም ሳይነካው አስቀምጦልኛል። ባለአደራ ነው። ሌባን ያየሁት ገና ዛሬ ነው። መሬቱን ትቻለሁ፤ የሐይቁ ይሁን።»

ሰብሳቢው «እንግዲህ ተወስኗል፣ ጥብቅ ስፍራ ነው» ሲል ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ኮንትራክተሩ ፕላኑን ሲጠቀልል ጫፉን ቀደደው። እኔ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ እንደ ሕፃን እስቃለሁ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

በማግስቱ እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ ወደብ መጣች። ጀልባዬ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። «ንጂ» አለችኝ። ቤታችን ከነበረበት በላይ ስንደርስ ሞተሩን አስጠፋችኝ። ዳክዬዎቹ ከደንገሉ ውስጥ ይንጫጫሉ። ጎንበስ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች።

«ልጅህ አሸነፈች» አለችው አባቴን።

«ኧረ ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«አትስማት፣ አንተኑ ነው የወጣችው» አለችው፤ «ዛሬም ትከራከረኛለች።»