እማዬ ያላለችው

እማዬ በተቀበረች በአስራ ሁለተኛው ቀን ሱቄን ከፈትኩ። ዲላ ውስጥ ፊልም በፍላሽ እየጫንኩ ነው የምተዳደረው። ፋይሉን ቴሌቪዥን ወደሚያነበው ዓይነት ኮንቨርት አደርጋለሁ፣ ስም እቀይራለሁ፣ ከምስሉ ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ፣ ሰብታይትሉን፣ አስገባለሁ። የቪዲዮውና የጽሑፉ ስም በአንዲት ፊደል ከተለያየ ቴሌቪዥኑ ጽሑፉን አያወጣም። ያን ቀን ጠዋት አርባ ፋይል ስም ቀየርኩ። ምንም አልተሰማኝም። ለቅሶው ላይም አላለቀስኩም፤ ሰው ታዝቦኛል፣ ይታዘበኝ።

ከሰዓት አባቴ ደጀኔ ከወናጎ በሚኒባስ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ቡና መፈልፈያ ሞተር አጠገብ ሠርቶ ጆሮው ጠፍቷል። የእማዬን ንግግር ብቻ አፏን እያየ ይረዳ ነበር። የሌላ ሰው አፍ አይገባውም፤ እኛ ልጆቹ ደብተር ላይ እንጽፍለታለን።

«ማርቲ!» አለኝ እየጮኸ፤ ሁልጊዜም እየጮኸ ነው የሚያወራው። «ያንን የላክሽልኝን የእናትሽን ቪዲዮ በቴሌቪዥን አሳዪኝ። የምትለውንም ከሥር ጻፊልኝ። ስልኩ ላይ አፏ ጤፍ አክሎ አልታይ አለኝ።»

ቪዲዮው ሆስፒታል ሳለች የቀረጽኳት ነው፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ትራሷን ተደግፋ፣ ግማሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስለ አባዬ እንዲህ ትላለች፦ «ደክሞኛል። ለሱ አንዱን ነገር አስር ጊዜ መናገር ደክሞኛል። አሁንስ ዝም ማለት ነው ያማረኝ።»

ይህን ለባሏ እንዴት ብዬ ልጻፍ? ፈራሁ። «ደጀኔ፣ እወድሃለሁ። ራስህን ጠብቅ» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ጽሑፉን ለብቻው ፋይል አደረግኩት፤ ቴሌቪዥኑ የአማርኛውን ፊደል ባዶ ሳጥን እያደረገ አወጣው። ስለዚህ ከምስሉ ጋር አንድ ላይ ኮንቨርት አደረግኩት። እንዲህ ከተሠራ በኋላ ጽሑፉ አይነሳም።

አባዬ ቆሞ አየው። አስደገመኝ። በሦስተኛው ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄን አላለችም።»

ደብተሩ ላይ «ብላለች» ብዬ ጻፍኩ።

«አላለችም! እናትሽ አንድ ቀን እወድሃለሁ ብላኝ አታውቅም። አፏም እንዲህ አይሄድም። የመጨረሻ ነገሯን ነው እኮ የጠየቅኩሽ፤ ሌላ ሴት አታምጪብኝ።»

አፈርኩ። ፍላሹን ነቅዬ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስኩ። ጽሑፍ ያልገባበትን ዋናውን ቪዲዮ አውጥቼ የእሷን ቃል እንዳለ አስገባሁበት፤ «አስር ጊዜ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፣ ግን ጻፍኩት። ኮንቨርት እስኪያደርግ አራት ደቂቃ ፈጀ። አባዬ ወንበር ስሰጠው እንቢ ብሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ጠበቀ። የድሮውን ሰርዤ አዲሱን በዚያው ስም ሰየምኩት።

ከፈትኩለት። እሱ ቴሌቪዥኑን ሲያይ እኔ የሱን ፊት አየሁ። ከንፈሩ ከእሷ ከንፈር ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ሲያልቅ ተቀይሟል ብዬ ደብተሩን አነሳሁ።

«እሷ ናት» አለ።

ሁለቴም ሦስቴም ማየት እንደሚፈልግ ስለማውቅ ልደግምለት ሪሞቱን አነሳሁ። እጄን ያዘኝ።

«ተያት» አለኝ። «ደክሟታል።»