ገብስ ያለባት የብር ሳንቲም

አባታችን ከሞተ ወዲህ ታላቅ ወንድሜ የሱን የጥንት ሳንቲሞች አንድ ቀን እንኳ እጄ ላይ አስቀምጦልኝ አያውቅም። ይሄን ቂም እንደ እርሾ ከዓመት ዓመት ሳሳድረው ኖሬያለሁ።

አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ነፍሱ ያለችው ግን የጥንት ግሪኮች የብር ሳንቲም ላይ ነው። ምድጃው እስኪግል አንዷን ከጨርቅ ፈትቶ መዳፌ ላይ ያስቀምጥና ተረቷን ይነግረኛል። እኔ የምወዳት ገብስ ያለባትን ነው። ባንድ ፊቷ የእህል አምላካቸው አለች፤ ስሟ እስከ ዛሬ አፌ አይገባም። በሌላው የገብስ ዛላ፣ አጠገቡ አንበጣ። ቅርጹን በመዶሻ የመታባት ሰው መሃሏን ስቶ የዛላው ጫፍ ከዳር ወጥቶ ቀርቷል።

«ልጇን የሙታን ንጉሥ ከምድር በታች ወሰደባት» ይለኝ ነበር። «እሷም ‹ልጄ ካልተመለሰች አንዲት ፍሬ አትበቅልም› ብላ ቁጭ አለች። አማልክቱ ቢለምኗት፣ ቢያባብሏት፣ ወይ ፍንክች!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መለሱላት። ለዓመቱ እኩሌታ ቢሆንም መለሱላት። አንቺን ትመስላለች፣ ድርቄ።»

ድርቄ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ሳንቲሟ ስትሞቅ የሱ እጅ ሙቀት ይሁን የኔ አይለይም።

ወንድሜ ጠንቃቃ ነው። ሁሉንም በፕላስቲክ አሽጎ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ክፍሉ ቆልፎባቸዋል። እሱ ዳቦውን ይሸጣል፣ እኔ እጋግራለሁ። ሳንቲሟን በለመንኩት ቁጥር እንዲህ ይለኛል፦

«እጅሽ ሊጥ ነው። ላብ ደግሞ ብር ያበላሻል።»

«አባባ በባዶ እጁ አይደል ይይዛት የነበረው?»

«አባባ አያውቅማ!»

ባለፈው ሰሞን ይህን ሲለኝ ልቤ ቆረጠ። በማግስቱ ሊጥ አላቦካሁም፣ እሳት አልለኮስኩም። በርጩማዬን ምድጃው አፍ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ደንበኞች በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

ወንድሜ እየሮጠ ወረደ። «አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ዳቦውስ?»

«ገብሷ ሳትመጣ ዳቦ የለም።»

«ላንዲት ሳንቲም? አብደሻል!»

«ጋሼ፣ ተረቱን እኮ አንተም ሰምተሃል።»

ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ከበር ጮኸ፦ «ኧረ ስጣትና ቁርሳችንን እንብላበት!»

ወንድሜ ወደ ክፍሉ ወጣ፣ ይዟት ወረደ። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለኝ።

ፕላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። ቀዝቅዛ ነበር። እስክትሞቅ ጨብጫት ቆየሁ፤ ድርቄ የሚለኝ ግን የለም። ከዚያ ተነስቼ እሳቱን ለኮስኩ።